ጭስ የሌለው ፍም

ታደሰ፣ የልጄ አባት፣

ከተለየኸኝ ዓመት አለፈ፤ አንተን የወሰደው ብርድም ተመልሶ መጥቷል። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ እኔም ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። የምጽፍልህ ተቆጥቼ ነው። ዓመት ሙሉ ተቆጥቼብህ ኖሬያለሁ። ሟችን መቆጣት ነውር ስለሆነ ሰው ፊት አፌን ይዤ ነበር። አሁን ግን ልናገር፤ የሚሰማም ይስማ።

ዘንድሮ ብርዱ ብሷል። አገር ቤት ዝናቡ በሚያወርድበት በዚህ ወቅት እዚህ በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ሰማዩ አንዲት ጠብታ ሳይሰጥ፣ ፀሐይዋ ቦግ ብላ እያየችን፣ ቅዝቃዜው አጥንት ድረስ ይገባል። ጠዋት የግቢው ሣር አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኖ ይቆየኛል፤ ስረግጠው ይንኮሻኮሻል። ቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ ስለሚረጋ እስከ ረፋድ ድረስ አይወርድም። ስለዚህ ከመተኛቴ በፊት ድስትና ጆግ ሞልቼ ወጥ ቤት አስቀምጣለሁ። አንድ ጠዋት የጆጉ ውሃ ላይ ስስ በረዶ አገኘሁ። ቤት ውስጥ፣ ታደሰ! ያጠብኩት ሹራብ ገመድ ላይ አድሮ እንደ ሳንቃ ደርቆ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቀረ። ከንፈሬ ይሰነጠቃል። የጣቶቼ ጫፍ እንደ አስተማሪነቴ፣ እንደ ጠመኔው ዘመን ተተርትሯል፤ ቫዝሊን ቀብቼ ካልሲ አጠልቅባቸዋለሁ። ብታየኝ ትስቅብኝ ነበር።

በሥርዓቴም ትስቅ ነበር፤ እሱን አልተውኩም። ጠዋት የምሥራቁን መጋረጃ እገልጣለሁ። እኩለ ቀን ላይ፣ ታስታውሳለህ፣ እዚህ አገር ከቤት ውስጥ ይልቅ ደጅ ይሞቃል፤ ወንበሬን ይዤ ግቢ እወጣና ፀሐይዋን ተከትዬ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እዞራለሁ። ጥላው ሲደርስብኝ እገባለሁ። መብራት ካለ ውሃ አፍልቼ የጎማውን ከረጢት እሞላና አልጋ ውስጥ እከተዋለሁ። ከሌለ፣ ብዙ ጊዜ የለም፤ አንዴ በፈረቃ የሚያጠፉት ሎድ ሼዲንግ ነው፣ አንዴ ገመዱን ሰርቀውታል፤ ካፖርቴን እንደለበስኩ እተኛለሁ። በሩ ሥር ፎጣ አላስገባም። መስኮቱንም አንድ ጋት ያህል ከፍቼ ነው የማድረው። ውርጩ በዚያ ክፍተት ገብቶ ፊቴን እንደ ምላጭ ይልጠኛል። እኔ እየተንቀጠቀጥኩ የምተኛው በአንተ የተነሳ ነው።

ቤቱን ብታየው ብዙም አልተለወጠም። አልጋውን ከመስኮቱ ሥር አንስቼ ወደ በሩ አዙሬዋለሁ። በመስኮቱ ጠርዝ ዙሪያ የለጠፍከውን ፕላስተር በቢላ ፍቄ አወረድኩት፤ ሙጫው ግን አልለቅም ብሎ አሁንም አለ፣ አቧራ ይዞ ጠቁሯል። ጥሩ አድርገህ ነበር የለጠፍከው። አንተ ስትሠራ ምን ጎደሎህ አለ! ልጃችን ዳዊት ኮዝሞ ሲቲ እሱ ዘንድ እንድገባ በየሳምንቱ ይለምነኛል። «እማዬ፣ ምን ትሠሪያለሽ እዚያ ፍሪጅ ውስጥ?» ይለኛል። እምቢ ብያለሁ። እሱ ቤት ከገባሁ ሁላቸውም የሚያወሩትን እየሰማሁ፣ ራሴን እየነቀነቅኩ መኖር ሊኖርብኝ ነው።

የመጀመሪያውን ዓመት ታስታውሳለህ? ጡረታ ወጥተን ልጃችንን ተከትለን ስንመጣ፣ አፍሪካ አፍሪካ ነው፣ ብርድ ከየት ይመጣል ብለን ሹራባችንን ሁሉ ለዘመድ አከፋፍለን ነበር። በመጣን በወሩ ሰው ሁሉ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ታክሲ ሲጠብቅ አየን። አንተ በሸሚዝ ወጣህ። «ጣርማ በርን ገና ሳይነጋ አውቶቡስ የነዳሁ ሰው በዚህ እንቀጠቀጣለሁ?» ብለህ ደረትህን መታህ። ቀትር ሳይደርስ ማሳል ጀመርክ። ሦስት ቀን አልጋ ላይ ሆነህ ሾርባ ስትጠጣ፣ እኔ ምንም አልተናገርኩህም፤ አንተ ራስህ ግን «የዚህ አገር ብርድ ሌባ ነው፣ የኛ ቢያንስ ነግሮ ነው የሚመጣው» ብለህ አሳቅኸኝ። ሲሻልህ የአበሻ ገበያው ጄፒ ሄደህ ያንን ትልቁን፣ ወፍራሙን የባሶቶ የሱፍ ብርድ ልብስ ገዝተህ መጣህና መጀመሪያ እኔን ጠቀለልክበት። እኔን ሸፍነህ እግሬን ጠቅልለህ ከጨረስክ በኋላ ነበር አንተ የምትገባው። ይህን ሳስታውስ ቁጣዬ ይላላል። ስለዚህ ብዙ አላስታውሰውም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በቅደም ተከተል ነው የምጽፈው፤ ከእኔ በቀር በትክክል የያዘው ሰው የለም።

አምና በዚህ ብርድ ጊዜ የዳዊት ሚስት ወልዳ፣ እኔ አራስ ልጠብቅ ኮዝሞ ሲቲ ሄጃለሁ። አንተ ለጥቂት ቀን ነው ብለህ ብቻህን ቀረህ። ዳዊት አንድ ቀን ዳቦና ድንች ይዞልህ መጥቶ በር ላይ አገኘህ። ከዚያ በኋላ እሱን ጉንፋን ቢጤ ያዘው፤ ሲመረመር ኮሮና ተባለ፤ ሁላችንም ከቤት እንዳንወጣ ተነገረን። እኔ እዚያ፣ አንተ እዚህ ታገድን። በዚያው ሰሞን የሰፈሩ መብራት ጠፋ። የጋዙ ምድጃ ባዶ ነበር፤ የሚሞላበትም ቤት ተዘግቷል። ማታ ስደውል ድምፅህ ጥርት ያለ ነበር። አላሳልክም፣ አልደከምክም፣ ትኩሳት አልነበረህም። ከነዳጅ ማደያው ለብራይ፣ ለሥጋ ጥብሳቸው፣ የሚሸጠውን ከሰል ገዝተህ፣ የቀለም ቆርቆሮ በምስማር ዙሪያውን በስተህ ማንደጃ እንደሠራህ በኩራት ነገርከኝ። አልጋህ አጠገብ አስገብተኸዋል። እኔ ወዲያው «አውጣው» አልኩህ። «ካላወጣኸው መስኮቱን ክፈት፣ ፕላስተሩን ላጠው» አልኩህ። ስንት ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማርኩ ሴት፣ ለሌላ ሰው ልጅ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ለባሌ በስልክ እጮኻለሁ። አንተ ሳቅክ። «አይ አስካለ፣ ደጅ አቀጣጥዬ ጭሱን ጨርሶ ነው ያስገባሁት። ቁልጭ ያለ ፍም ሆኗል። ጭስ የሌለው ፍም ምን ያደርጋል?» አልከኝ። ጭሱማ የሚታይ ነው፤ ሰው አይቶት ይሸሻል። የሚገድለው የማይታየው፣ የማይሸተተው ነው። ይህን ስነግርህ «እሺ የኔ አስተማሪ» ብለህ ዘጋኸው።

እሺ አልክ እንጂ አላደረግከውም።

በሩን የሰበረው የቤቱ ጠባቂ ነበር። ስልክህን አላነሳ ስትል እኔ ነኝ የላክሁት። ያየውን በስልክ ነገረኝ፦ አልጋ ላይ እንደተኛህ ነህ፣ ብርድ ልብስህ አልተነቀነቀም፣ ቆርቆሮው ውስጥ አመድ አለ፣ መስኮቱ ላይ ከፕላስተሩ ሌላ ጋቢህን ሰቅለህበታል። ከንፈሩ የሮዝ ቀለም አለው አለኝ፤ የተኛ እንጂ የሞተ አይመስልም። ያን ጊዜ ጨርሶ ገባኝ። ሰው ከሰል ሲመርዘው ደሙ ቀልቶ ይቀራል፤ ኮሮና እንዲህ አያደርግም። ግን ልጅህ ኮሮና ይዞት ነበርና፣ ነጭ የለበሱት ሰዎች ሲመጡ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ በሽተኛ ነክቶት ነበር ወይ? አዎ ተባሉ። በፕላስቲክ ጠቀለሉህ። ምርመራ ተወስዶ ነበር ተባለ፤ ውጤቱ እስከ ዛሬ አልመጣም። ጠባቂውም በወሩ ወደ አገሩ ወደ ማላዊ ተመለሰ። አገር ቤት ልንልክህ አልቻልንም፤ ሬሳ የሚጭን አልነበረም። እዚሁ፣ በዶማ አልበሳ ባለው ደረቅ መሬት ቀበሩህ። እኔ ከሩቅ ሆኜ ነው ያየሁት። ለቅሶ ልድረስ ያለው ሁሉ ከአጥር ውጭ ቆሞ፣ ማስኩን እያስተካከለ፣ «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ በጥድፊያ ሄደ።

እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እውነቱን ተናግሬያለሁ። በከሰል ነው የሞተው፣ መስኮት ዘግቶ ከሰል አንድዶ ነው እያልኩ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ነግሬያለሁ። ማንም አላመነኝም። በዚያ ዘመን ኮሮና የገባበት ቤት ሁሉ «የልብ ድካም ነው፣ ስኳር ነው» እያለ ይደብቅ ነበርና የእኔም ከሰል እንደዚያው ተቆጠረ። አየኸው? እውነቱን ስናገር የምደብቅ መሰልኩ። ብናገር ብናገር ይበልጥ የምደብቅ መሰልኩ።

የዳዊት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። በዚያች ዳቦ ባመጣባት ቀን በሽታውን ያስያዘህ እሱ እንደሆነ አምኗል። አባቴን እኔ ገደልኩት ብሎ አምኗል። ከሰሉን ስነግረው ይሰማኛል፤ ከዚያ ትከሻዬን ያቅፈኛል። «እማዬ፣ እኔን ለማጽናናት እንደምትዪው አውቃለሁ። ተዪው» ይለኛል። አርባህ ሳይወጣ ሽበት አወጣ። የሱቁ ደንበኛ ሲያስል ከሰማ ፊቱ ይለወጣል። ያንተ አንድ ቆርቆሮ ፍም ልጃችንን ምን እንዳደረገው ብታይ!

እስቲ ይህን አስበው፤ እኔ ሌሊቱን ሙሉ አስበዋለሁ። ያን ሰሞን ሬዲዮው በየሰዓቱ «ለኮሮና ሲባል መስኮት ክፈቱ» ይል ነበር። ሞተበት የሚሉትን በሽታ ጥቂት እንኳ ብትፈራው ኖሮ መስኮቱን ትከፍት ነበር። መስኮቱን ብትከፍት ዛሬ አጠገቤ ተቀምጠህ ፀሐይ ትሞቅ ነበር። ፈሪ ባል ብትሆነኝ ምን ነበረበት?

ሙት ዓመትህን ዳዊት ግቢ ውስጥ አወጣን። ብዙ ሰው መጥራት አልተፈቀደም፤ ወንበሮቹ ተራርቀው፣ ሁሉም ብርድ ልብስ እግሩ ላይ ጥሎ ተቀመጠ። ከእድራችን አንዲት ሴት አጠገቤ መጥታ «ይቺ ኮሮና፣ እግዜር የእጇን ይስጣትና፣ ጋሽ ታደሰን የመሰለ ሰው ትውሰድብን?» አለችኝ። እኔም «ኮሮና አይደለም፣ የከሰል መርዝ ነው» አልኳት። ክንዴን ጨበጥ አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይሁን እትዬ፣ ይሁን። አሁን እኮ ነውርነቱ ቀርቷል፣ ያልገባችበት ቤት የለም» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው። ሻዩን አንስቼ ጠጣሁ። ቀዝቅዞ ነበር።

አሁን አንተ ስለማታውቃቸው ሰዎች ልንገርህ። ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል፣ ያቺን ፀሐይ የማይደርስባትን፣ ከመጋቢት ወዲህ ባልና ሚስት ተከራይተዋታል። ነስሩ እና ሸምሲያ ይባላሉ፤ ከስልጤ ናቸው። ሐናን የምትባል ገና መዳህ የጀመረች ልጅ አለቻቸው። ነስሩ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ያጎቱን ስፓዛ፣ ትንሽ ሱቅ ነው፣ ይጠብቃል፤ ጠዋት ከመንጋቱ ወጥቶ ከሰዓት እላፊው በፊት ይገባል። ዙሉኛውን ደንበኛ አስተምሮት እንደ ውሃ ይጠጣዋል፤ ቀልደኛ ነው። እኔን «እትዬ» ይለኛል፤ ዳቦ ሲያመጣ ለእኔም ያመጣል። አንተ ብትኖር ትወደው ነበር፤ እኔም ወደድኩት።

ውርጩ በገባ በሳምንቱ ሸምሲያ በራፏ ላይ ቆርቆሮ ስታራግብ አየሁ። የቀለም ቆርቆሮ ነው፣ ዙሪያው በምስማር የተበሳ፤ እዚህ ሰዉ ምባውላ ይለዋል። ከሰሉ ቀልቶ ሲጨርስ በጨርቅ ይዛ አስገባችው፤ በሩንም ዘጋች። ተከትዬ አንኳኳሁ። ነስሩም ዕረፍቱ ስለነበር እቤት ነው። መስኮታቸው ላይ ብርድ ልብስ ተወጥሯል፤ የበሩም ስንጥቅ በካርቶን ተደፍኗል። ክፍሏ ሙቅ ነበረች፤ ሕፃኗ በካልሲ ብቻ ወለሉ ላይ ትጫወታለች። አገር ቤት የለመድነውን ነገር ያየሁ መሰለኝ፤ የሚያታልለውም ይኸው ነው።

ቁጭ ብዬ፣ ሳልቆጣ፣ እንደ ክፍል ውስጥ ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋቸው። ነስሩ ትንሽ ሰማኝና «እትዬ፣ እርስዎ ደግሞ! እኛ እኮ ከሰል ዳር ነው ተወልደን ያደግነው። እናቴ ስምንት ልጅ በከሰል አሙቃ አሳድጋለች፣ አንዳችንም አልሞትንም» አለ። የእናትህ ቤት ራሱ ይተነፍሳል አልኩት፤ ጭቃው ስንጥቅ አለው፣ ጣሪያውና ግድግዳው መካከል እጅ ያስገባል፣ በሩ ከመሬት ከፍ ያለ ነው። ይህኛው ግን ሲሚንቶ ነው፤ አንተ ደግሞ የቀረችውን ቀዳዳ ደፍነሃታል። እሱም ተነስቶ ሻማ ለኮሰና ቆርቆሮው አጠገብ አቆመው። «ይኸው እትዬ፣ ሻማው እየነደደ ሰው አየር ያጣል?» አለኝ። ሸምሲያ ሳቋን በሻርፗ ሸፈነች። ያ መርዝ ሻማ አያጠፋም አልኩት። ሻማ ሳይጠፋ፣ ሰው ሳያስል፣ ደሙ ውስጥ ገብቶ የአየሩን ቦታ ይይዛል፤ ሰውዬው እንቅልፍ መጣብኝ ብሎ ይተኛል።

ከዚያ አንተን ነገርኳቸው። እዚያው ከፊት ባለው ክፍል ባሌ እንዲህ ሆኖ ሞቷል፣ በዚሁ ዓይነት ቆርቆሮ፣ አልኩ። ነስሩ ፈገግታውን ወዲያው ተወው። አንገቱን ደፍቶ «አላህ ይዘንላቸው፣ ሰምተናል» አለ። ቀጥሎ በራሳቸው ቋንቋ ለሚስቱ አንድ ነገር ተናገረ። ሸምሲያ ቀስ ብላ፣ እንዳይከፋኝ እየተጠነቀቀች፣ ሕፃኗን ከአጠገቤ አንስታ ወደ አልጋው ጥግ ወሰደቻት። ማስኳንም ወደ አፍንጫዋ ሳብ አደረገች።

የሰሙት ሌላ ነበር። ስለ ከሰሉ ያስጠነቀቅኳቸውን ሳይሆን፣ ኮሮና የገደለው ሰው ሚስት ቤታቸው እንደገባች ነው ያዩት።

ከዚያ ቀን በኋላ ሰላምታ ከደጅ ሆነ። እኔ ግን አልተውኳቸውም። ቆርቆሮው በገባ ቁጥር ሄጄ አንኳኳለሁ፤ «መስኮት!» እላለሁ፤ ሸምሲያ «እሺ እትዬ» ትላለች። የአንተ ዓይነት እሺ ነው፤ አውቀዋለሁ። ለዳዊት ነግሬው እሱ እንዲነግራቸው ለመንኩት። «እማዬ፣ ሰውን አታስጨንቂ፤ ያባረርሻቸው እንደሆነ ደግሞ ብቻሽን ትቀሪያለሽ» አለኝ።

ባለፈው ሳምንት በደቡብ ባሕር ዳር፣ በኬፕ በኩል፣ በረዶ ጥሎ ነፋሱ እዚህ ድረስ ደረሰ። ፀሐይ እያለ እንኳ ደጅ መቀመጥ ከባድ ነበር። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ነስሩ ሱቅ ነው። እኔ ካፖርቴ ላይ ያንተን የባሶቶ ብርድ ልብስ ደርቤ ግድግዳዬን ተጠግቼ ተቀምጫለሁ። ከእነሱ ክፍል ስልክ ጮኸ። ጮኾ ጮኾ ቆመ። እንደገና ጮኸ። ሸምሲያ ባሏ ሲደውል ሁለተኛውን ጥሪ አታስጨርስም፤ ሕፃኗም ስልክ ስትሰማ ትንጫጫለች። አሁን ግን ከስልኩ በቀር ምንም ድምፅ የለም። ተነሳሁ። አንኳኳሁ፣ ተጣራሁ። በሩ በውስጥ ተቀርቅሯል፤ እዚህ ከተማ ማን ሳይቀረቅር ይቀመጣል? መጥረጊያውን አንስቼ በእንጨቱ በኩል፣ በመስኮቱ ብረት መሀል፣ መስታወቱን መታሁት። በሦስተኛው ተሰበረ። ቀጥሎ ያለውንም ሰበርኩ። ብርድ ልብሱን በእንጨቱ ገፍቼ ጣልኩት። ሸምሲያ አልጋው ጠርዝ ላይ በግንባሯ ተደፍታለች፣ ሕፃኗ ሥሯ ናት፤ እኔ ሳላይ ያስገባችው ቆርቆሮ አጠገባቸው ነው።

ጮህኩ። ከመንገዱ ማዶ መኪና የሚጠግነው ጎረቤታችን «ጎጎ! ምን ሆንሽ ጎጎ?» እያለ፣ አያቴ ማለቱ ነው፣ ብረት ይዞ ሮጦ መጣ። በሩን ፈነቀለው። እሱ ሸምሲያን ጎትቶ ሲያወጣ እኔ ሕፃኗን ነጥቄ ወደዚያ ውርጭ ወጣሁ። ታደሰ፣ ያንን ሰው ሁሉ የሚሸሸውን ብርድ፣ ያን ቀን በአፏ እንዲገባላት ፊቷን ወደ ነፋሱ አዞርኩላት። ከንፈሯ የሮዝ ቀለም ነበረው። ጠባቂው የነገረኝን ያኔ በዓይኔ አየሁት። ጥቂት ቆይታ አስታወከች፤ ከዚያ አለቀሰች። እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ልቅሶ ሰምቼ አላውቅም።

ጎረቤታችን በመኪናው ክሊኒክ አደረሰን። እኔን በኮሮናው ሕግ መሠረት ከውጭ፣ ከሰልፈኛው ጋር፣ አስቀሩኝ። ነስሩ ሱቁን ጥሎ ደርሶ ሮጦ ገባ። ሲወጣ ማስኩን አገጩ ሥር አውርዶ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ነርሷ ገና ሕፃኗን እንዳየች «ምባውላው የት ነው ያለው?» ብላ ነው የጠየቀችው አለኝ። ኮሮና የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። በየክረምቱ ይመጡብናል፣ ሁሉም በጊዜ አይደርሱም አለችው። ለሁለቱም ኦክስጅን አድርጋላቸዋለች፤ ይድናሉ ብላለች። ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። ከዚያ «እትዬ፣ ጋሼም እንደዚህ ነበሩ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

ዓመት ሙሉ ያንን «አዎ» ላደርስ ስታገል ነበር። ሲያምኑኝ እፎይ የምል መስሎኝ ነበር። ግን ምን ልንገርህ፤ ልቤ ውስጥ የመጣው ሌላ ነገር ነው። የሰው ልጅ በሁለት መስታወት ዳነች፤ አንተን የሚያድንህ አንድ ጋት ክፍተት ነበር። ያውም ሳትሰብር፣ በእጅህ ገፋ አድርገህ ብቻ። ይህን ማን ያጽናናኛል?

ሸምሲያና ሕፃኗ ተመልሰዋል። መስኮቱ መስታወት እስኪገኝለት ካርቶን ገብቶበታል፣ ከላይ በኩል ክፍት ነው። ነስሩ ቆርቆሮውን ረግጦ ጠፍጥፎ ከግቢ አወጣው። ማታ ማታ በግድግዳው በኩል ስልክ ሲያወራ ይሰማኛል። ጀርሚስተን ክፍል ተከራይተው ለሚኖሩት ወንድሞቹ ይደውላል፣ ደርባን ለሚኖረው ይደውላል። በስልጥኛ ስለሆነ አይገባኝም፤ ግን በመካከሉ «ጋሽ ታደሰ» የሚለው ደጋግሞ ይመጣል፣ ቀጥሎም «ከሰል»።

ባለፈው እሁድ ዳዊት መጣ። እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ ስንት ጊዜ እናገራለሁ? ነስሩ ራሱ ግቢ ላይ አቁሞ ነገረው። የሕፃኗን ከንፈር፣ ነርሷ ያለችውን፣ ሁሉንም። ዳዊት ቆሞ ሰማ። ከዚያ ከነስሩ ተለይቶ ወደ እኔ መጣና «አባዬን ያኔ መስኮቱን ዝጋ ያለው ሰው ነበረ? ማን ዝጋ አለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ማንም አልኩት። ክፈት ነው ያልኩት፤ ራሱ ነው የዘጋው። ልጅህ ያን ጊዜ ፊቱ ደም ለበሰ። ግድግዳውን በጡጫው መታና «ምን ዓይነት ግትር ሰው ነው!» ብሎ ጮኸ። ደግሞ ጮኸ። ሸምሲያ ደንግጣ ብቅ አለች። እሱ ግን መሬት ላይ ተቀምጦ፣ አንተን እየሰደበ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰልህ። ዝም አላሰኘሁትም። በአባቱ መናደድ አባቴን ገደልኩ ብሎ ከመኖር ይቀለዋል። ሲጨርስ እጁን አጠብኩለት፤ ጉልበቱ ላይ ያለውን አቧራ አራገፍኩለት። ሲወጣ ወገቡ ቀና ብሎ ነበር። እንግዲህ አሁን የተቆጣንብህ ሁለት ሆነናል።

ሰው ሲሞት ደግ ደጉ ብቻ ይወራለታል። እኔ ይህን አላደርግልህም፤ በትክክል ማስታወስ ይሻላል ብዬ ነው። እግሬን ጠቅልለህ ሳትጨርስ የማትተኛ ሰው ነበርክ፤ ያንንም እይዛለሁ። ምክር የማትሰማ ግትር ነበርክ፤ ያንንም እይዛለሁ። ይቅር እንድልህ አታቻኩለኝ፣ ገና ነኝ። ግን ይህን ቃል እገባልሃለሁ፦ በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ አመዳይ መውረድ በጀመረ ቁጥር፣ ያቺን የጀርባ ክፍል የሚከራይ ሁሉ ዘንድ እሄዳለሁ። ማስኩን ቢስብብኝም፣ ልጁን ከአጠገቤ ቢያነሳብኝም፣ ሞትህን በትክክለኛ ስሙ እነግረዋለሁ። ከእንግዲህ ስምህን የምጠራው ነፍስ ይማር እንዲሉህ ብቻ አይደለም፤ መስኮት እንዲከፍቱ ነው።

ባለቤትህ
አስካለ